የጎዳና ጥበብ በከተማ ግድግዳዎች ላይ፦ ከመቀባት በፊት መመልከት

በዓል ሲቃረብ፣ እንግዳ ሲጠበቅ ወይም የአካባቢ ጽዳት ዘመቻ ሲታወጅ በከተሞቻችን ያሉ አጥሮችና ግድግዳዎች አዲስ ቀለም ይቀባሉ። ሥራው ለከተማ ውበት የሚጠቅም በመሆኑ ሊበረታታ ይገባል። ይሁን እንጂ ብሩሽ የያዘው ሠራተኛ በግድግዳው ላይ ያለውን ነገር ለይቶ እንዲያይ የሚነግረው ሰው ብዙ ጊዜ አይኖርም። በዚህም ምክንያት የደላላ ስልክ ቁጥርም፣ ጸያፍ ጽሑፍም፣ አንድ ወጣት ሠዓሊ ለሳምንታት የደከመበት ሥዕልም በአንድ ጠዋት በአንድ ዓይነት ቀለም ይሸፈናሉ። የደላላው ቁጥር በማግሥቱ ተመልሶ ይጻፋል፤ ሥዕሉ ግን በአብዛኛው አይመለስም።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው የቤትና የአጥር ባለንብረቶች፣ ነዋሪዎች፣ የአካባቢ ልማት ኮሚቴዎችና ሠዓሊዎች በግድግዳ ላይ ያለን ሥራ ለመመልከት፣ ለመለየትና ተገቢውን ውሳኔ ለመስጠት እንዲችሉ ነው። የጽሑፉ መልእክት አጭር ነው፤ በግድግዳ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ሊጠበቅ አይገባም፤ ነገር ግን ሳይታይና ባለቤቱ ሳይጠየቅ ሊጠፋ አይገባም።

1. በግድግዳ ላይ የሚታየው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም

በተለምዶ «ግራፊቲ» የሚለው ቃል በግድግዳ ላይ ለተጻፈና ለተሳለ ነገር ሁሉ ይሰጣል። ይሁንና ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ዓይነቶች ለይቶ ማወቅ ለማንኛውም ውሳኔ መነሻ ነው።

ሀ) ፊርማ። በስፕሬይ ቀለም ወይም በወፍራም እስክሪብቶ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ የሚጻፍ ስም ወይም ቅጽል ስም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያለባለንብረቱ ፈቃድ የሚጻፍ ሲሆን፣ የጸሐፊው ዓላማ «እዚህ ነበርኩ» ማለት ነው።

ለ) የፊደል ሥዕል። ፊደላት ተለጥጠው፣ ተጠላልፈውና ጥላ ተሰጥቷቸው እንደ ሥዕል የሚቀርቡበት ሥራ ነው። ንድፍ፣ በርካታ ቀለማትና ረጅም ሰዓት ይጠይቃል። የፊደላችን ቅርጾች ለዚህ ዓይነት ሥራ ሰፊ ዕድል የሚሰጡ ናቸው።

ሐ) የተቆረጠ ቅርጽ። ሠዓሊው በካርቶን ወይም በፕላስቲክ ላይ አስቀድሞ ቅርጹን ይቆርጣል፤ ከዚያም ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቀለም ይረጭበታል። አንድ ቅርጽ በብዙ ቦታ ሊደገም ይችላል።

መ) የግድግዳ ሥዕል። ሰፊ ቦታ የሚሸፍን፣ በአብዛኛው በፈቃድ ወይም በትእዛዝ የሚሠራ፣ ታሪክን፣ ሰውን ወይም ሐሳብን የሚገልጽ ሥራ ነው።

ሠ) ማሳሰቢያና ማስታወቂያ። «መሽናት ክልክል ነው»፣ «የሚከራይ ቤት አለ» እና የመሳሰሉት ጽሑፎች በዚህ ምድብ ይገባሉ። የአካባቢውን ኑሮ ቢነግሩንም የጥበብ ሥራ ተብለው አይመዘኑም።

2. የግድግዳ ጽሑፍ ታሪክ በአጭሩ

በግድግዳ ላይ መጻፍ የዘመናችን ወጣቶች የጀመሩት ልማድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ79 በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በተቀበረችው የጣልያን ጥንታዊት ከተማ በፖምፔ ግድግዳዎች ላይ ከ11,000 በላይ ጽሑፎች ተገኝተዋል። ከእነዚህም መካከል የምርጫ ቅስቀሳ፣ የግላዲያተሮች ውድድር ዜና፣ ሰላምታና ስድብ ይገኛሉ። በጊዜው እንደ ተራ ጭረት ይታይ የነበረው ጽሑፍ ዛሬ ስለ ተራው ሕዝብ ኑሮ የሚመሰክር ሰነድ ሆኗል።

ዛሬ የምናውቀው የግራፊቲ ዓይነት የተስፋፋው በአሜሪካ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊላደልፊያ ከተማ «ኮርንብሬድ» በሚል ስም የሚታወቅ ወጣት ስሙን በየግድግዳው መጻፍ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ «ኒው ዮርክ ታይምስ» ጋዜጣ «ታኪ 183» የሚል ፊርማ በመላ ከተማው ስለሚጽፍ አንድ የመልእክት አመላላሽ ወጣት ዘገበ፤ ቁጥሩ የሚኖርበት መንገድ ቁጥር ነበር። ከዚያ በኋላ የኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡሮች በፊርማና በፊደል ሥዕል ተሸፈኑ። የባቡር አስተዳደሩ ለዓመታት ከታገለ በኋላ የመጨረሻውን ሥዕል ያለበት ባቡር ከአገልግሎት ያወጣው በግንቦት 1989 (እ.ኤ.አ.) ነው። ለመንገደኛው የተሰማው እፎይታ እውነተኛ ነበር፤ በባቡሮቹ ላይ ከነበሩት ታላላቅ ሥራዎች የቀረልን ግን ፎቶግራፍ ብቻ መሆኑም እውነት ነው።

በዚያው ከተማ የሆነ አንድ ሌላ ጉዳይ ለውሳኔ ሰጪዎች ትምህርት የሚሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሠዓሊው ኪዝ ሄሪንግ የቅርብ ረዳቱ «ክራክ» በተባለው አደንዛዥ ዕፅ መጠመዱ ስላሳዘነው፣ በሃርለም በሚገኝ የመጫወቻ ሜዳ ግድግዳ ላይ ዕፁን የሚያወግዝ ትልቅ ሥዕል ያለፈቃድ ሣለ። ፖሊስ ከሰሰው፤ ቅጣትም ተጣለበት። ሥዕሉ በኋላ ተበላሽቶ በቀለም ተሸፈነ። ሕዝቡና መገናኛ ብዙኃን ስለ ሥዕሉ መልእክት ሲናገሩ ግን የከተማው የመናፈሻ አስተዳደር ራሱ ሠዓሊውን ጠርቶ በዚያው ዓመት በድጋሚ እንዲሥለው ፈቀደለት። ሥዕሉ እየታደሰ እስከ ዛሬ በቦታው አለ። ያለፈቃድ መሣሉ ስሕተት ነበር፤ አስተዳደሩ ግን ጥፋቱንና ሥራውን ለይቶ መመልከት ቻለ።

3. ግድግዳን የማንበብ ልማድ በአገራችን

በግድግዳ ላይ ያለን ሥዕል ማንበብ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በጣና ሐይቅ ደሴቶችና ዳርቻዎች ባሉ ገዳማት፣ በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴና በሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳዎቹ ፊደል ላልቆጠረው ምእመን እንደ መጽሐፍ ሲያገለግሉ ኖረዋል። በዚህ የአሣሣል ሥርዓት ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ሲሣሉ፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን ወደ ጎን ዞረው ይሣላሉ። ይህን የሚያውቅ ተመልካች ማብራሪያ ሳይፈልግ ሥዕሉን ይረዳል። በደብረ ብርሃን ሥላሴ እንደሚታየው ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሠርተው ግድግዳው ላይ የሚለጠፉበት ዘዴም ነበር።

በሐረር ጁገል በጠባቦቹ መንገዶች ግራና ቀኝ የሚታዩት በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ፣ በነጭና በሌሎች ቀለማት የተቀቡ ግድግዳዎች፣ እንዲሁም በቤት ውስጥ በሰፌድና በሳህን የሚያጌጡት ግድግዳዎች የከተማዋ መታወቂያ ናቸው። ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ግድግዳ የፖለቲካ መድረክ የሆነበትም ጊዜ ነበር። በአብዮቱ ዘመን መንግሥትም ተቃዋሚዎቹም መፈክሮቻቸውን በግድግዳ ላይ ይጽፉ ነበር፤ በሌሊት መፈክር መጻፍ ሕይወት የሚያስከፍል ነበር። በታክሲዎችና በጭነት መኪናዎች ላይ የሚጻፉት አጫጭር ጥቅሶችም ሕዝቡ ሐሳቡን በአደባባይ የመግለጽ ፍላጎት እንዳለው ያሳያሉ። ስለዚህ በግድግዳ ላይ ያለን ሥዕል ለመመልከት ከሌላ አገር የሚመጣ ልዩ ዕውቀት አያስፈልገንም፤ የሚያስፈልገን ቆም ብሎ ማየት ነው።

4. አንድን የግድግዳ ሥዕል እንዴት እንመለከተዋለን?

የሚከተሉት አምስት ጥያቄዎች ለማንኛውም ተመልካች፣ በተለይም ግድግዳን ለማስቀባት ላሰበ ኮሚቴ ወይም ባለንብረት ይጠቅማሉ።

አንደኛ፣ ሥዕሉ የት ነው ያለው? የጎዳና ሥዕል ከቦታው ተነጥሎ አይታይም። በትምህርት ቤት አጥር ላይ ያለ ሥዕልና በአውቶቡስ መናኸሪያ ያለ ሥዕል የሚያናግሩት ሰው የተለያየ ነው። ጥሩ ሠዓሊ የግድግዳውን ስንጥቅ፣ መስኮት፣ ቱቦ ወይም በአጠገቡ የበቀለውን ዛፍ የሥዕሉ አካል ያደርገዋል።

ሁለተኛ፣ ከየትኛው ርቀት እንዲታይ ነው የተሠራው? በታክሲ የሚያልፍ ሰው ሥዕሉን ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ያያል፤ በእግሩ የሚሄድ ደግሞ ቀርቦ ይመለከተዋል። መጀመሪያ ከመንገዱ ማዶ፣ ቀጥሎ ከቅርብ ማየት ይመከራል። ከሩቅ ግልጽ ሆኖ ከቅርብ ሌላ ዝርዝር የሚገልጥ ሥራ የታሰበበት ነው።

ሦስተኛ፣ እጁ ምን ያህል የሠለጠነ ነው? በስፕሬይ ቀለም ቀጥ ያለና የማይንጠባጠብ መስመር ማውጣት ዓመታት የሚጠይቅ ሙያ ነው። ስፕሬዩ ወደ ግድግዳው ሲቀርብ መስመሩ ይቀጥናል፤ ሲርቅ ይሰፋል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል። የፊት ጥላ፣ የልብስ እጥፋትና የቀለማት ሽግግር እንዴት እንደተሠሩ ማየት ሥራውን ከችኮላ ጭረት ለመለየት ይረዳል።

አራተኛ፣ ምን ይላል፣ ለማንስ ይላል? መልእክቱ ከአካባቢው ታሪክ፣ ከአንድ የሰፈር ባለውለታ መታሰቢያ ወይም ነዋሪውን ከሚያሳስብ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። መልሱን የሚያውቁት በአብዛኛው በግድግዳው ሥር ጉሊት የሚቸረችሩ እናቶች፣ ሊስትሮዎችና የአካባቢው ወጣቶች በመሆናቸው እነሱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

አምስተኛ፣ ማንን ይጎዳል? በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሰውን የሚያዋርድ ሥራ በአሣሣሉ ቢያምርም በአደባባይ ሊቆይ አይገባም።

5. ከሌሎች ከተሞች የሚገኝ ትምህርት

ፊላደልፊያ። ግራፊቲ ያስቸገራት ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1984 በከንቲባ ዊልሰን ጉድ አስተዳደር የፀረ ግራፊቲ መርሐ ግብር አቋቋመች። በመርሐ ግብሩ የተቀጠረችው ሠዓሊ ጄን ጎልደን በየግድግዳው ሲጽፉ የነበሩትን ወጣቶች ቀርባ በማነጋገር ችሎታቸውን ወደ ግድግዳ ሥዕል እንዲያዞሩ አደረገች። መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. በ1996 ራሱን የቻለ የግድግዳ ሥዕል ተቋም ሆኖ ተደራጀ፤ እስከ አሁንም ከ4,000 በላይ ሥራዎች ተሠርተዋል። የአሠራሩ ዋና ነገር ንድፉ ከመጽደቁ በፊት የሰፈሩ ሰዎች ተሰብስበው መወያየታቸው ነው። ብዙዎቹ ሥዕሎች በስስ ጨርቅ ላይ በክፍል በክፍል ከተሣሉ በኋላ ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ፤ ይህም ሕፃናትና አረጋውያን መሰላል ሳይወጡ በሥራው እንዲሳተፉ ያስችላል። በጨርቅ ሥሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከላይ እንደተመለከተው ለጎንደር ሠዓሊዎችም የታወቀ ዘዴ ነበር።

በርሊን። እ.ኤ.አ. በ1961 የተሠራው የበርሊን ግንብ በምዕራብ ጎኑ በሥዕል ሲሸፈን፣ በጥብቅ ይጠበቅ የነበረው የምሥራቅ ጎኑ ባዶ ነበር። ግንቡ በኅዳር 1989 (እ.ኤ.አ.) ከተከፈተ በኋላ በቀጣዩ ዓመት ከ21 አገሮች የመጡ 118 ሠዓሊዎች በምሥራቅ ጎኑ ቀርቶ በነበረው 1,316 ሜትር ርዝመት ባለው ክፍል ላይ ሣሉ። ቦታው «ኢስት ሳይድ ጋለሪ» ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1991 በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ሆነ። ይሁንና ዝናብ፣ የመኪና ጭስና ስማቸውን የሚጽፉ ጎብኚዎች ሥዕሎቹን ስለጎዱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሠዓሊዎቹ በድጋሚ እንዲሥሉ ተጠየቁ፤ አንዳንዶቹ ግን በዕድሳቱ አሠራር አልተስማሙም። ከዚህ የምንማረው የጎዳና ሥዕልን ለመጠበቅ መወሰን ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ ማን እንደሚጠግነውና በምን ስምምነት እንደሚጠገን አስቀድሞ መታወቅ እንዳለበት ነው።

ኒው ዮርክ። በኩዊንስ «ፋይቭ ፖይንትዝ» በሚባል አሮጌ የፋብሪካ ሕንፃ ላይ ሠዓሊዎች በባለንብረቱ ፈቃድ ለዓመታት ሲሥሉ ቆይተዋል። ባለንብረቱ ሕንፃውን አፍርሶ መኖሪያ ቤቶች ለመሥራት በማቀዱ በኅዳር 2013 (እ.ኤ.አ.) በአንድ ሌሊት ግድግዳዎቹን ነጭ ቀለም አስቀባ። ሠዓሊዎቹ የምስል ጥበብ ሥራዎችን ከጥፋት የሚጠብቀውን የ1990 የአገሪቱን ሕግ ጠቅሰው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ለ21 ሠዓሊዎች ስለ 45 ሥራዎች 6.75 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ወሰነ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2020 ውሳኔውን አጸና። ሕንፃውን የማፍረስ ዕቅዱ በራሱ ችግር አልነበረም፤ ሕጉ የሚጠይቀውን ማስታወቂያ ለሠዓሊዎቹ ሰጥቶ ጊዜውን ቢጠብቅ ኖሮ ሥራዎቹን በሥርዓቱ ለመሰናበት ዕድል ይኖራቸው ነበር።

6. ስለ ፈቃድና መብት የሚነሱ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሥዕሉ ጥሩ እስከሆነ ድረስ ያለባለንብረቱ ፈቃድ መሣል ይቻላል?
መልስ፦ አይቻልም። የሌላን ሰው ንብረት ሆን ብሎ ማበላሸት በወንጀልም በፍትሐ ብሔርም ሊያስጠይቅ ይችላል። የሥራው ጥራት የባለንብረቱን ፈቃድ አይተካም።

ጥያቄ፦ ሥዕሉ በእኔ ግድግዳ ላይ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው?
መልስ፦ ግድግዳው የባለንብረቱ ነው፤ የሥዕሉ የቅጂ መብት ግን ከግድግዳው ባለቤትነት የተለየ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥዕል ሥራዎች ጥበቃ ይሰጣል። ጥበቃው ሥራው እንደተፈጠረ የሚጀምር ሲሆን ምዝገባን እንደ ቅድመ ሁኔታ አይጠይቅም። የሠዓሊው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠበቃል። ስለዚህ የሥዕሉን ፎቶግራፍ ለንግድ ማስታወቂያ ወይም ለምርት ማሸጊያ ለመጠቀም የሚፈልግ ድርጅት አስቀድሞ የሠዓሊውን ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ በፈቃዴ የተሣለን ሥዕል መለወጥ ወይም ማጥፋት ብፈልግስ?
መልስ፦ አዋጁ ሠዓሊው የሥራው አመንጪ ተብሎ እንዲታወቅ፣ እንዲሁም ክብሩን ወይም ዝናውን የሚጎዳ የሥራ መዛባትን ወይም ለውጥን እንዲቃወም መብት ይሰጠዋል። አለመግባባትን ለማስወገድ ሥዕሉ የሚቆይበት ጊዜና የሚነሣበት ሁኔታ ከመጀመሪያው በጽሑፍ መወሰን አለበት።

ጥያቄ፦ በቅርስ ላይ ስም መጻፍ ወይም መሣል እንደ ጎዳና ጥበብ ይታያል?
መልስ፦ በፍጹም አይታይም። ቅርሶች በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ጥበቃ ይደረግላቸዋል። በጥንታዊ ግንብ፣ በዐለት ሥዕል ወይም በቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ የሚጫር ስም የማይጠገን ጉዳት ያደርሳል፤ ጥፋተኛውንም በሕግ ያስጠይቃል።

7. ተግባራዊ ምክር

ለባለንብረቶችና ለአካባቢ ኮሚቴዎች፦ ግድግዳ ከማስቀባታችሁ በፊት በላዩ ያለውን ሥራ ፎቶግራፍ አንሡ። ሠዓሊውን በፊርማው ወይም በአካባቢው ወጣቶች አማካይነት ፈልጉ፤ ካገኛችሁትም በቂ ቀናት ያለው ማስታወቂያ ስጡት። ሥዕሉን ትቶ ዙሪያውን ብቻ መቀባት የሚቻል መሆኑንም አጢኑ። ጸያፍና ሰውን የሚያዋርድ ጽሑፍ ግን ሳይውል ሳያድር እንዲጠፋ አድርጉ።

ለሠዓሊዎች፦ የባለንብረቱን ስም፣ የግድግዳውን አድራሻ፣ ንድፉን፣ ሥዕሉ የሚቆይበትን ጊዜና የጥገናውን ኃላፊነት የሚገልጽ ስምምነት በሁለት ቅጂ አዘጋጁና ተፈራረሙ። ግድግዳው በሕዝብ መንገድ ላይ ከሆነ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት የሚመለከተውን የወረዳ አስተዳደር አነጋግሩ። ሥዕሉ የምርት ወይም የአገልግሎት ማስተዋወቂያ ከሆነ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የሚገዛ መሆኑን አትዘንጉ። እርጥበት የሚያፈልቅና ልስኑ የሚረግፍ ግድግዳ ሳይጠገን አትሣሉ፤ በአንድ ክረምት ውስጥ ድካማችሁ ከልስኑ ጋር ይረግፋል።

ለወላጆችና ለመምህራን፦ በግድግዳ ላይ ሲጽፍ የተያዘ ልጅ ሊመከርና ያበላሸውን ሊያጸዳ ይገባል። ከዚያ ጋር አብሮ እጁ ምን እንደሚችል መታየት አለበት፤ የትምህርት ቤቱ አጥር በፈቃድና በመምህር ክትትል የሚሣልበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

ለሁሉም ነዋሪዎች፦ በየቀኑ የምታልፉበትን አንድ ግድግዳ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። የወደዳችሁትን ሥዕል ከነቀኑና ከነቦታው ፎቶግራፍ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ሰፈር ይፈርሳል፣ መንገድ ይሰፋል፣ አጥር ይነሣል፤ ይህ የከተማ ዕድገት አካል ነው። ያ ግድግዳ ከመነሣቱ በፊት በላዩ ምን እንደነበረ ለልጆቻችን የሚናገረው ግን አስቀድሞ ያየው ሰው ብቻ ነው።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የተዘጋጀ እንጂ የሕግ ምክርን የሚተካ አይደለም። ስለ ቅጂ መብት ዝርዝር መረጃ የሚፈልጉ ተገልጋዮች የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን መጠየቅ ይችላሉ።